ሞል ወይስ ባዛር? የዴልሂው የግብይት ቀን ለምን ለሁለት እንደተከፈለ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ወደ ኒው ዴልሂ ስትሄዱ ጉዟችሁን የምናመቻቸው እኛ ስለሆንን፣ «ዕቃ የት እንግዛ?» የሚለውም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ይመጣል። ከአሁን ወዲያ የግብይት ቀኑን ለሁለት ከፍለነዋል። ጠዋት ሳኬት ሰፈር ያለው ሞል፣ ከሰዓት አሮጌው ከተማ ያለው ባዛር፣ ቻንድኒ ቾክ። አንዳንዶቻችሁ «ሆስፒታሉ አጠገብ ቀዝቃዛ ሞል እያለ ለምን ግፊያ ውስጥ ትከቱናላችሁ?» ብላችሁናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ህንድ ድረስ መጥተን የመስታወት ቤት እንይ እንዴ?» ትላላችሁ። ምክንያታችን እንዲህ ነው።

ከሞሉ እንጀምር። ዴልሂ ውስጥ የመጀመሪያው ሞል አንሳል ፕላዛ ሲሆን የተከፈተው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ሳኬት ያለው ሴሌክት ሲቲዎክ በ2007 ተከተለ። ሆስፒታሎቹ እዚያው ሰፈር ስለሆኑ ብዙዎቻችሁ የምታርፉት ከሞሉ ብዙም ሳትርቁ ነው። በግንቦትና በሰኔ የዴልሂ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሊፍት አለ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር እንደ ልብ ይገባል። ገና ከቀዶ ሕክምና ለተነሳ ሰው ይሄ ቅንጦት አይደለም።

ደግሞ ሞል ሁሌ ውድ ነው ያለው ማነው? ህንድ ውስጥ በታሸገ ዕቃ ላይ ከፍተኛው የመሸጫ ዋጋ መታተም አለበት። ኤምአርፒ ይሉታል። ታክሱ በውስጡ ነው፤ ከዚያ አስበልጦ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ለፀጉር ቅባትና ለሻይ ቅጠል ብሎ አሮጌው ከተማ ድረስ መጋፋት ትርፉ ድካም ነው። በጥርና በሐምሌ ገደማ ደግሞ የብራንድ ልብሶች ቅናሽ ይወጣባቸዋል። ሞሉን ያስቀደምነውም ለዚህ ነው። ዋጋው የተለጠፈበትን ጨርቅ በእጁ የዳሰሰ ሰው ባዛር ሲገባ በቀላሉ አይሸወድም።

አሁን ወደ ባዛሩ። ለሞሉ ቅርብ ከሆነው ከማልቪያ ናጋር ጣቢያ በቢጫው የሜትሮ መስመር ሳትቀይሩ ቻንድኒ ቾክ ትወርዳላችሁ። ገበያውን በ1650 ገደማ ያሠራችው የንጉሡ የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ ናት። ያኔ መሃሉን ቦይ ያቋርጠው ነበር። ከ2021 ጀምሮ ከቀዩ ምሽግ እስከ ፋተህፑሪ መስጊድ ያለው ዋና መንገድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ለመኪና ዝግ ነው። በእግር ወይም በብስክሌት ሪክሾ ነው የሚኬደው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋም። እዚያ ሸማ ተራና ምናለሽ ተራ እንዳለው፣ እዚህም ብሩ ዳሪባ ካላን፣ የሠርግ ጥልፍና ሪባኑ ኪናሪ ባዛር፣ ሽቦና አምፖሉ ባጊራት ፓላስ ነው። ቅመሙ ካሪ ባኦሊ ነው፦ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ እርድ በጆንያ። የበርበሬው ብናኝ ሻጩንም ገዢውንም ያስላል። አስም ያለበት ሰው እባካችሁ አይግባ።

የጨርቅ ሱቆቹን ጠጋ ብለን እንያቸው። ጫማ አውልቃችሁ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ፍራሽ ላይ ትቀመጣላችሁ። ሻይ ይመጣል። ሻጩ አንዱን ሳሪ በሌላው ላይ እየዘረጋ መሬቱን ቀለም በቀለም ያደርገዋል። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ የሚይዘን። «ይሄን ሁሉ አስዘርግቼ እንዴት ባዶ እጄን እወጣለሁ?» ብሎ ያላማረውን የሚገዛ ሀበሻ ብዙ ነው። አትግዙ። መዘርጋትም ማጠፍም ሥራቸው ነው፤ ማንም አይቀየማችሁም። ዋጋ ስትጠይቁ ካልኩሌተሩን ነክቶ ያዞርላችኋል። እናንተም የምትከፍሉትን ነክታችሁ መልሱለት። ጠዋት የመጀመሪያው ገዢ እንደ ገደኛ ስለሚቆጠር የጠዋት ክርክር ይቀላል። ለንግድ የምትገዙ ከሆነ ስለዚህ ንገሩን፤ ለእናንተ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ባዛሩን ጠዋት እናደርጋለን። አንዳንድ ሱቅ በጅምላ ብቻ ነው የሚሸጠው። አንድ ሻርፕ ብቻ ለሚፈልግ ሰው እጁን አወዛውዞ ይሸኘዋል።

የባዛሩን ጉድለትም አንደብቅም። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከራስ በላይ ተጠላልፏል። በ2022 ባጊራት ፓላስ የተነሳው እሳት ለማጥፋት ቀናት ፈጅቷል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የእሳት አደጋ መኪና እንደ ልብ አይገባም። የተገዛ ዕቃ መመለስም ጭቅጭቅ ነው፤ ሞል ግን ደረሰኝ ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። 2000 ሩፒ የሚል ኖት ደግሞ መልስ አድርገው ከሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ከ2023 ጀምሮ ከገበያ የወጣ ነው።

የጾም ነገር፦ ፓራታ የሚባለው ቂጣ የሚጠበስበት የቻንድኒ ቾክ ዝነኛ ቀጭን መንገድ ሥጋ የለውም፤ ቅቤ ግን አለው። በታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ የጾም ነው ማለት አይደለም። ወተት ሊኖረው ይችላል።

ባጃጅ ነጂ «በጣም ጥሩ ሱቅ ላሳያችሁ» ካላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ገዢ ያመጣ ነጂ ከሱቁ ኮሚሽን የሚያገኝበት አሠራር አለ፤ ያ ኮሚሽን ደግሞ የሚከፈለው ከእናንተ ኪስ ነው። የኛ አጃቢ ከየትኛውም ሱቅ ምንም አይቀበልም። በልብስ ክርክር የሚደሰት ካለ ሳሮጂኒ ናጋር የሚባለው ገበያ እንወስደዋለን። ከፋብሪካ የተረፈ ኤክስፖርት ልብስ በርካሽ ይገኛል፤ ስፌቱንና ዚፑን ሳታዩ ግን እንዳትከፍሉ።

ቻንድኒ ቾክ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ሳሮጂኒ ናጋር ሰኞ ያርፋል። ሞሉ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የሐኪም ቀጠሯችሁ የግብይት ቀኑን እሁድ ላይ ከጣለው፣ ያን ቀን ሞሉን ብቻ እናደርግና ባዛሩን ወደ ማክሰኞ እናዛውረዋለን። ስለዚህ የቀጠሮ ወረቀቱ እንደደረሳችሁ በቴሌግራም ላኩልን። የአጃቢ ክፍያ ያው የነበረው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ማመቻቻ ክፍላችን