ጊታርህ አለች

ጅማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? የእጅ ጽሑፌን ስታይ መጀመሪያ «ማን ሞተ?» ሳትል አትቀርም። ማንም አልሞተም። እማዬ ደህና ናት። እስካሁን «ያ ቀጫጫ ጓደኛህ አገባ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ዝናቡ ገና ሰሞኑን ነው ፋታ የሰጠን። ቡናው መቅላት ጀምሯል። እንደምታውቀው በዚህ ወቅት እዚህ ሰው ሁሉ ስለ ዋጋ ነው የሚያወራው።

ስድስት ዓመት ዝም አልኩህ። ስልክህ ሲጠራ እያየሁ ያላነሳሁበት ቀን አለ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽህም። ምክንያቱ ጊታርህ ናት። እሷ ጋ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያለፈውን እሁድ ልንገርህ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባህም።

ከፋሲካ ወዲህ በወር አንድ እሁድ የምንሰበሰብ የጊታር እብዶች አለን። ሰባት ነን፣ አንዳንዴ ስምንት። ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን ግቢ ውስጥ፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር። ሁሉም ጊታሩን ይዞ ይመጣል። እንጫወታለን ብለን ነው የጀመርነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከምንጫወተው የምናሳየው ይበልጣል። ቡና ይፈላል፣ ጊታር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሰው ሁሉ ጀርባውን ይገለብጣል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ያያል፣ ልክ በግ እንደሚገዛ ሰው። ጥርሱን ማየት ነው የቀረን።

ቀድመው የሚከፍቱት የተገዛ ጊታር ያላቸው ናቸው። አንድ መምህር አለ፤ ወንድሙ ከውጭ የላከለት ስትራቶካስተር የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር አለው። ሽፋኑን እንደ ሙሽራ ቬሎ ቀስ ብሎ ነው የሚገልጠው። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ድርጅት ይህን ቅርጽ ያወጣው በ1954 እ.ኤ.አ. እንደሆነና እስከ ዛሬም እምብዛም እንዳልተለወጠ በየወሩ ይነግረናል። በየወሩ እንደ አዲስ እንሰማዋለን። ጊታሩ ግሩም ነው፣ ቅናቴን አልደብቅህም። ግን ስለ ጊታሩ የሚያወራው ሁሉ ሌላ ሰው የሠራውን ነው። ዓመቱ፣ ቀለሙ፣ ዋጋው። ጭረት እንዳይነካው ደግሞ የሸሚዝህን ቁልፍ ሳይቀር ያይብሃል።

የእጃቸውን ሥራ ይዘው የሚመጡት ሌላ ዓመል አላቸው። ጊታሩን ገና ሳያቀብሉህ ጉድለቱን ነው የሚያሳዩህ። «እዚች ጋ መጋዙ ሳተኝ።» «ይህቺን ስንጥቅ በኮላና በእንጨት ብናኝ ነው የሞላኋት።» ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ዓይኔ ከዚያ ላይ አልነሳ አለኝ።

ለምሳሌ ኤሌክትሪሺያኑ። የሊድ ጊታሩ አካል የአሮጌ አልጋ ራስጌ ነው፣ ሁለት የዋንዛ ሳንቃ አጣብቆ የቆረጠው። ፒክአፑንም ራሱ ነው የጠቀለለው። ፒክአፕ ማለት ያው ማግኔት ላይ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው እሱ ነው። የስትራቶካስተሩ ዓይነት ወደ 8,000 ዙር ገደማ አለው፤ ሽቦው ከፀጉር አይወፍርም። ሰውዬው የእናቱን የስፌት መኪና ጎማ እያዞረ ሲጠቀልል ሦስት ጊዜ ተበጠሰበት። በአራተኛው አምስት ሺህ ምናምን ላይ ሲደርስ ትንሿ ልጁ መጥታ «አባዬ፣ እራት ቀረበ» አለችው። ቁጥሩ ጠፋው። አሁን «ስንት ዙር ነው?» ስትለው «እሷን ጠይቃት» ይልሃል። ሽቦውን ሰም ውስጥ ስላልነከረው ድምፁ ከፍ ሲል ያፏጫል። እሱ ግን ፉጨቱንም እንደ ልጁ አፍ መፍታት በስስት ነው የሚያዳምጠው።

ኩዊን ስለተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታሪስት ስለ ብራያን ሜይ የነገረንም እሱ ነው። ሜይ ጎረምሳ ሳለ የሚፈልገውን ጊታር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። በ1963 እ.ኤ.አ. ከአባቱ ጋር ሆኖ ራሱ መሥራት ጀመረ። አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ላይ ከተነቀለ ሳንቃ ጠረበው። እንጨቱን ነቀዝ በልቶት ስለነበር ቀዳዳውን በክብሪት እንጨት ደፈነው። ስፕሪንጎቹ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የተፈቱ ናቸው። ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ኋላ በዓለም ትልልቅ መድረኮች ላይ የተጫወተው በዚያው ጊታር ነው። ኤሌክትሪሺያናችን ይህን ተርኮ ሲጨርስ የራሱን ራስጌ ዳበስ ዳበስ ያደርጋል። «እንግዲህ እኔም...» ብሎ ይተወዋል። በሳቅ እንፈርሳለን።

ጉራው በዚህ አያበቃም። አንዱ ሁልጊዜ «ሙላቱ አስታጥቄ እኮ የጅማ ልጅ ነው» ይላል። በ1936 ዓ.ም. እዚሁ መወለዱ እውነት ነው። የታወቀው ግን በቪብራፎን እንጂ በጊታር አይደለም። ይህን የሚያነሳ ሰው ሁለተኛ ቡና አይቀዳለትም።

ከሁሉም የምወዳቸው አንድ አናጺ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በርጩማ የጠረቡ ሰው። ጡረታ ወጣሁ ብለው ቦክስ ጊታር መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያውን ሲሠሩ ፍሬቶቹን፣ ማለት አንገቱ ላይ አግድም የሚገቡትን የብረት ዘንጎች፣ እንደ መሰላል እኩል እኩል አራርቀው ደረደሯቸው። ሲመቱት ምን ሆነ መሰለህ? የትኛውም ዜማ አልሆን አለ። «ትዝታ ልጫወት ብዬ ጠብ አስነሳሁ» ይላሉ። ያንን ጊታር አልጣሉትም። በየወሩ ከጥሩው ጋር አብረው ይዘውት ይመጣሉ፣ መጀመሪያም እሱን ነው የሚያሳዩን።

ፍሬት ወደ ታች በወረድክ ቁጥር እየተጠጋጋ ነው የሚሄደው። ሒሳቡን የሠራችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት፣ በስልኳ። ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍባት አጥንት፣ ፊቱ ላይ ክሩ እስከሚታሰርበት እንጨት፣ እስከ ብሪጁ ያለውን ርዝመት ለ17.817 ታካፍላለህ። 650 ሚሊሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት 36.5 ላይ ይውላል። ከዚያ የቀረውን ርዝመት እንደገና በዚያው ቁጥር ታካፍላለህ፣ እንደዚያ እያልክ ትወርዳለህ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ 325 ይሆናል፣ ልክ ግማሹ። አባባ በዚህ ተገርመው አያባሩም። «እግዜር አስቦበታል» ይላሉ። መምህሩ «ፊዚክስ ነው» ሲላቸው «እሱስ የማን ሆነና!»

ሁለተኛው ጊታራቸው ጎኑና ጀርባው ዋንዛ፣ ፊቱ ዝግባ ነው። አጥንቷ የበሬ ቅልጥም ናት፣ በሞረድ የተሳለች። አንድ ቀን ስለ ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ አነበብኩላቸው። በ1862 እ.ኤ.አ. ጎንና ጀርባውን ከካርቶን፣ ፊቱን ብቻ ከጥሩ እንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠርቷል። ድምፁን የሚያወጣው ፊቱ መሆኑን ሊያሳይ ነው። አባባ ጊታራቸውን አስጠግተው ዝግባውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ዋንዛውን። ከዚያ «ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም? ዋንዛው ውድ ነበር» አሉኝ።

ስለ ሥራ ካነሳሁ የኛን የዘይት ቆርቆሮ ታስታውሳለህ? የአጎትህን ብስክሌት የፍሬን ሽቦ ፈትተን፣ ከውስጡ ቀጫጭኑን እየመዘዝን ክር ያደረግንባትን? አንተ ጣትህን ቆረጠህ፣ እኔ ሳቅኩ። አጎትህ ፍሬን እንደሌለው ያወቀው ከጅሬን ቁልቁል ሲወርድ መሃል መንገድ ላይ ነው። አጥር ነው ያቆመው። እስከ ዛሬ ማን እንደፈታው አያውቅም። ካወቀም ከኔ አይደለም።

እሺ፣ ጊታርህ።

መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ነው የሰጠኸኝ። «አደራ» አልከኝ። ያቺን ቃል ባትላት ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል አልሸሽህም ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት በየቀኑ ተጫወትኩባት። ከዚያ ሥራ ጀመርኩ፣ አልጋ ሥር ገባች። ክሯን ሳላላላ። ስድስት የብረት ክር ተወጥሮ ሲያድር ወደ 70 ኪሎ ይስባል፤ አራት ፈረሱላ ቡና ቀን ከሌት ብሪጁን ሲጎትት አስበው። የጅማን ክረምት ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ፣ ጫማ እንኳ ይሻግታል። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ፊቷ አበጠ። አንድ ሌሊት ጧ! የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ተነሳሁ። ብሪጁ ተነቅሎ፣ ከፊቷም የእንጨት ቅርፊት ይዞ ወጥቶ ነበር።

በጆንያ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኳት። ጠግኜ እደውልለታለሁ አልኩ። ከዚያ አንተ ደወልክ። አላነሳሁም። አንዴ ካላነሳህ ሁለተኛው ይከብዳል፣ ሦስተኛውማ ምን ልትል ነው?

እሁድ እሁድም በሰው ጊታር ነበር የምሄደው። ሐምሌ ላይ አባባ «ልጄ፣ የራስህ የለህም?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «አምጣት» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አላሉም።

አንድ ወር ሙሉ ከማዕድ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ደረቀች፣ ከእሳቱ ራቅ ብላ። የድሮውን ኮላ ጠርገን አወጣን። ስንጥቋን ከውስጥ በኩል በዝግባ ለጠፍናት። አዲስ ብሪጅ ከወይራ ጠረብን። ማጣበቁን ግን እኔ ልሥራው ብዬ ለመንኳቸው። ፈቀዱልኝ። አጣበቅኩት፣ በሞርሳ አጥብቄ አሳደርኩት፣ በማግስቱ ክር ሳስገባባት ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ድምፁ ከቅኝቱ እያለፈ ሄደ። ለካ አራት ሚሊሜትር ወደ አንገቱ አስጠግቼዋለሁ! አባባ አልተቆጡም። ቢላዋ አግለው ሰጡኝና «በል ንቀለው» አሉኝ። ስነቅለው ቫርኒሿን አቃጠልኳት። ከብሪጁ በታች፣ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ። አትጠፋም።

ያለፈው እሁድ እንግዲህ የኔ ተራ ደረሰ። ጊታሯን አወጣሁና ሳላስበው እንደነሱ ሆንኩ። «እዚች ጋ ቢላዋው አቃጠላት» አልኩ። ከዚያ አፌ አልዘጋ አለ። አልጋ ሥሩን፣ ጆንያውን፣ ሌሊቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መጨረሻ ላይ «ጊታሯ ግን የኔ አይደለችም» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ያ ስትራቶካስተሩን የሚያሽሞነሙነው መምህር ነው ዝምታውን የሰበረው። «ባለቤቷ ያውቃል?» አለኝ።

አሁን አወቅክ።

ድምጿ ድሮ እንደምታውቃት አይደለም። ወፈር ብሏል፣ እኔ ወድጄዋለሁ፣ አንተ ላትወደው ትችላለህ። ወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ትንሽ ይነዝራል። በአውቶቡስ ልላክልህ ብዬ ነበር፣ አባባ «በሰው እጅ አትሰድም» አሉ። ኅዳር ላይ ቡና ለቀማው ሲደርስ ብትመጣ አልጋ አለ፣ እማዬም ስለ ማግባትህ ራስህን ትጠይቅህ። መቆጣት ከፈለግክም ፊት ለፊት ይሻላል።

ማታ ማታ ክሯን አላልቼ ነው የማሳድራት። ስትመጣ ግን አምስተኛውን ክር ይዘህ ና። ትናንት ስቃኛት ተበጠሰብኝ፣ እዚህ ደግሞ ነጠላውን የሚሸጥ አጣሁ።

ያው አብሮ አደግህ