ለከተማችን ቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ እናቴ አከራይ ናት ወይስ አይደለችም?

ክቡር ኃላፊ፣

ስለ እናቴ የቤት ኪራይ ውል ምዝገባ ያቀረብነውን ማመልከቻ መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶናል። መልስ ግን የለም። በአካል ስንመጣም “ደብረ ብርሃን ስብሰባ ሄደዋል” እንባላለን። ስብሰባው ካለቀ ይህችን ያንብቡልን።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ምን እንደሚል ለእርስዎ አልነግርም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። እናቴ ይህን በሬዲዮ ሰማች። ማንም ሳይጠራት፣ በዚያ ብርድ ጋቢዋን ደርባ፣ ተከራይዋን አስከትላ እናንተ በር ላይ ተሰለፈች። ጓሮ ያለችውን አንዲት ሰርቪስ ቤት ልታስመዘግብ ነው እንግዲህ።

“ካርታው በሟች ስም ነው፤ አንመዘግብም” ተባለች። ሟቹ አባቴ ነው። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥታ አሳየች። “መጀመሪያ ስም አዛውሩ።” ስም ልናዛውር ስንሄድ ደግሞ ፋይሉ ጠፍቷል። የጠፋው እኛ ቤት አይደለም፤ መንግሥት ቢሮ ውስጥ ነው።

ይሁን ብለን ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ የኪራይ ገቢ ግብር ክፈሉ የሚል ወረቀት መጣ። ከየት ሰምተው? እናቴ ለእናንተ ከሞላችው ፎርም! ግብር ሰብሳቢው ካርታው በማን ስም እንደሆነ አልጠየቀም። ለግብር ሲሆን አከራይ ናት፤ ለምዝገባ ሲሆን የሟች ሚስት ናት። ግብሩን ከፍላለች፣ ደረሰኙም በእጃችን ነው።

ፊት ለፊታችን ያለው ፎቅ በደላላና በቃል ይከራያል። አዋጁ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም ቢልም፣ እዚያ የ6 ወር ካልከፈሉ ቁልፍ የለም። ኪራዩም ባለቤቱ ደስ ባለው ቀን ይጨምራል። ፎርም ስላልሞላ የሚነካው የለም። ፎቁ ሳይታይ የእናቴ ሰርቪስ መታየቷ ይገርማል።

ተከራይዋ ጀማሪ መምህርት ናት። መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ “የተመዘገበ ውል አምጪ” አሏት። እናንተ አትመዘግቡም። ልጅቷም ሰሞኑን ሌላ ቤት ማፈላለግ ጀምራለች፤ አልፈርድባትም።

የምንጠይቀው ውለታ አይደለም። በወራሽነት ማስረጃው ውሉን መዝግቡ። አይቻልም ካላችሁ፣ የማይቻልበትን አንቀጽ ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ስጡን። ማኅተም ይኑረው።

ልጇ
ከሰሜን ሸዋ