የአካባቢ ጥበቃና የአበባ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዘሩ ከራሳችን ግቢ

«አበባ ማጠጣትም ክበብ ተባለ?» የሚለውን ቀልድ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስንሰማ ከርመናል። ቀልደኞቹ ሰኔ ላይ ፎቶ ለመነሳት የት ሄደው እንደሚቆሙ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፦ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ከቨርቢናው መደብ ፊት።

ስለ ሳምንታዊው ስብሰባችን ብዙ አልልም። ስም ይጠራል፣ የማጠጣት ተራ ይወጣል፣ ማጠጫው ይጠፋል፣ ማጠጫው ይገኛል።

የዘንድሮው ሥራ የተጀመረው ከአምናው ዘር ነው። አምና የዘራነው ከሱቅ የተገዛ፣ ፓኬቱ ላይ ቀይ አበባ ያለበት ቨርቢና ነበር። አበባው ከታች ወደ ላይ እየደረቀ ሲሄድ ልጆቹ ቡናማ የሆነውን ብቻ እየመረጡ ለቀሙ፤ ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ አድርቀው በመዳፋቸው አሹት። አንዷ አበባ የምትሰጠው አራት ቀጫጭን ዘር ነው፤ ልጆቹ ይህን ያወቁት በመርፌ ጫፍ እየለዩ ቆጥረው ነው። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ የወረቀት ፖስታ አጥፈው፣ የአበባውን ስምና ወሩን ጽፈውበት አስቀመጡት።

ቨርቢና እንደ ማሪጎልድ ገራም አይደለም። ማሪጎልድ በሳምንት ብቅ ሲል እሱ ሦስትም አራትም ሳምንት ያስጠብቃል፤ ለመብቀል ጨለማ ይፈልጋል፣ ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል። የመጀመሪያውን ሣጥን የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከፍቅር ብዛት በየዕረፍቱ እያጠጡ ጨረሱት። ሁለተኛውን በካርቶን ከድነን፣ የክፍሉን ቁልፍ እኔ ይዤ ተረፈ።

ሲያብብ ሌላ ጉድ መጣ። «ቀይ» ተብሎ የተጻፈበት ፖስታ ሐምራዊ፣ ሮዝና ነጭ አወጣ። ልጆቹ «ፖስታውን አንተ ነህ የቀየርከው» እየተባባሉ ሊጣሉ ሲሉ የሳይንስ መምህራችን ክፍሉን በሙሉ ይዘው መጡ። የተዳቀለ አበባ ዘሩ የግድ እናቱን እንደማይመስል እዚያው መደቡ ዳር አስረዱ፤ ቀዩን ብቻ የሚፈልግ ሰው ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል አለበት። ክበቡ ለትምህርት ምን ፈየደ ለምትሉን ያን ዕለት ልጆቹ የጠየቁትን ጥያቄ ብትሰሙ ጥሩ ነበር።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ግን ወደ ቁስቋም የወጣንበት ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ግቢ ልንጎበኝ፣ በመንገዳችንም የዱር አበባ ዘር ልንለቅም ነበር። ዳገቱ ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ወደ ኋላ ቀረች፤ ስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። ተመልሼ ሳያት መንገድ ዳር ተንበርክካ አንድ ቀጭን ተክል በጣቶቿ መሃል ታሽከረክራለች። አበባው ከክብሪት ራስ ያንሳል፤ ወይን ጠጅ ቢጤ፣ የገረጣ።

«ቲቸር፣ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሉም ጥንድ ጥንድ ነው የሚወጣው። የኛ ቨርቢና ዘመድ አይደለም?»

ሸክማቸውን ይዘው የሚያልፉ እናት ቆም ብለው «አቱች እኮ ነው ልጄ፤ ለሆድ ቁርጠት የምንሰጠው» አሏት። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ አቱችና ቨርቢና ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። እኔ ሳልፈው የኖርኩትን ተክል እሷ በጣቷ ዳስሳ ለየችው። ከዚያ በኋላ የእናትየውን ሸክም ተቀብላ እየጠየቀቻቸው ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ስለ ቤተ መንግሥቱ ያዘጋጀሁትን ገለጻ የሰማኝ የለም፤ ደስ ብሎኛል።

በጋው ጎድቶናል። ከጥር ወዲህ ቧንቧው የሚመጣው ደስ ባለው ቀን ነው፤ መደቡን ያተረፉት ልጆቹ ከየቤታቸው በሃይላንድ በያዙት ውሃ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ የገቡ ፍየሎች ዚኒያውን አንድ ሳያስቀሩ በልተውታል፤ ቀዳዳው ዛሬም አለ። ለስፖርት ክበብ አዳዲስ ኳስ መገዛቱ ቅር አላሰኘንም፤ ኳሱ የሚያርፈው ግን እኛ መደብ ላይ ነው።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሮቶ፦ ሐምሌና ነሐሴ ከጣሪያችን በአሸንዳ ወርዶ አስፋልት ላይ የሚፈሰውን ዝናብ የሚቀበል፣ በበጋም ቧንቧው በመጣ ቀን የሚሞላ። ሁለተኛው አይጥ የማይገባበት ቁም ሣጥን ነው፤ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። ዘሩ ያለው እስካሁን በእኔ መሳቢያ፣ ከፈተና ወረቀት ጋር ነው።

በወላጆች ቀን የቨርቢና፣ የማሪጎልድና የኮስሞስ ዘር በፖስታ እናድላለን። ዋጋ የለውም፤ አጠገቡ ግን የመዋጮ ሣጥን ይኖራል።

የክበቡ ተጠሪ መምህር