ለደንበኞቻችን፦ በሬድማይን ሴቲንግ የሚጋሩ ፕሮጀክቶችን ስለመገደብ

አዲስ አበባ
ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ደንበኞቻችን

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 እስከ 10፡00፣ እኛ በምናስተዳድራቸው የሬድማይን (የፕሮጀክት ሥራ መከታተያ ሶፍትዌር) ሰርቨሮች ላይ ፕሮጀክቶች የሚጋሩትን ሴቲንግ እናጠባለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ፕሮጀክት የሌላውን ቨርዥን (የሥራ ምዕራፍ)፣ ከስተም ፊልድ (ራሳችሁ የምትጨምሩት መሙያ ቦታ) ወይም ትራከር (የሥራ መዝገብ ዓይነት) መጠቀም የሚችለው ይጠቀም ተብሎ በስም ከተመዘገበ ብቻ ነው። እስካሁን ሁሉም ለሁሉም ክፍት ነበር፤ የሚዘጋው ችግር ሲመጣ ነበር። ለሥራው ክፍያ አንጠይቅም። ከእናንተ የምንፈልገው ግን አለ፣ እሱም እስከ ኅዳር 3 ረቡዕ ሊደርሰን ይገባል። ምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ጽፈነዋል፤ መካከሉን ሳታነቡ ግን አትለፉ፣ የሚጠፋ መረጃ ስላለ። የሬድማይን ገጽ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሜኑ ስሞችን እንደሚነበቡ አስቀምጠናል።

ለምን እንዳስፈለገ በአንድ ፊልድ እናሳይ። አንድ አማካሪ ድርጅት ለሕንፃ ሥራ «የ28 ቀን የኪዩብ ውጤት» የሚል ከስተም ፊልድ ይከፍታል። ሲከፍት «ፎር ኦል ፕሮጀክትስ» የምትለውን ሳጥን ቲክ ያደርጋል፣ «ሪኳየርድ» የምትለውንም እንዲሁ። ኪዩቡ (የአርማታ ናሙናው) በ7 እና በ28 ቀን ይሰበራል፣ ውጤቱም መመዝገብ አለበት፤ እስከዚህ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያው ሰርቨር ላይ የውኃ መስመር ዲዛይንና የቢሮ ዕድሳት ፕሮጀክቶችም አሉ። የዕድሳቱ ባለሙያ «የ3ኛ ፎቅ መብራት አይሠራም» ብሎ ኢሹ (የአንድ ሥራ ወይም ችግር መዝገብ) ሊከፍት ሲል የኪዩብ ውጤት ይጠየቃል። ምን ያድርግ? 0 ይጽፋል። ሁሉም 0 ይጽፋል። ኋላ ሪፖርት የሚያወጣው ሰው ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ሲለቅም ይውላል፣ ወይም ሳያያቸው አማካይ ያወጣል።

እግረ መንገዳችንን፦ ይህ ፊልድ ለሕንፃው ፕሮጀክት እንኳ «ሪኳየርድ» መሆኑ ስህተት ነው። አርማታው የተሞላው ዛሬ ከሆነ የ28 ቀን ውጤት ዛሬ ከየት ይመጣል? ትክክለኛው ቦታ «አድሚኒስትሬሽን» ውስጥ «ዎርክፍሎው» (ኢሹ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያልፍበት ደንብ)፣ ከዚያ «ፊልድስ ፐርሚሽንስ» የሚለው ታብ ነው። እዚያ ሮሉን (የተጠቃሚውን የሥራ ድርሻ) እና ትራከሩን መርጣችሁ ፊልዱን «ክሎዝድ» በሚለው ስታተስ ሥር ብቻ «ሪኳየርድ» አድርጉት። ኢሹው ያለ ውጤት ይከፈታል፣ ያለ ውጤት ግን አይዘጋም።

አሁን ወደ አደገኛው ክፍል፣ ወደ ቨርዥኖች። አብዛኞቻችሁ ቨርዥንን እንደ ሥራ ምዕራፍ ትጠቀሙበታላችሁ፤ «የ2ኛ ወለል ስላብ»፣ «የመጀመሪያ ክፍያ ሰርተፍኬት» የመሳሰለውን። ቨርዥኑን ስትከፍቱት «ሼሪንግ» የሚል ምርጫ አለ፣ አምስት ደረጃዎችም አሉት። «ኖት ሼርድ» ከራሱ ፕሮጀክት አይወጣም። «ዊዝ ሰብፕሮጀክትስ» ወደ ልጆቹ ይወርዳል። «ዊዝ ፕሮጀክት ሃይራርኪ» ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፣ ወንድሞቹን ግን አይነካም። «ዊዝ ፕሮጀክት ትሪ» ወንድሞቹንና የወንድሞቹን ልጆች ጨምሮ ከአንድ ሥር የወጣውን ሁሉ ያዳርሳል። «ዊዝ ኦል ፕሮጀክትስ» ሁሉንም ነው፤ ይህን መምረጥ የሚችለው የሲስተሙ አድሚን ብቻ ነው። ሃይራርኪና ትሪ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሁለት ሳይቶች በአንድ እናት ፕሮጀክት ሥር ካሉና አንዱ የሌላውን ምዕራፍ እንዲያይ ከተፈለገ የሚሠራው ትሪ ነው።

ሼሪንጉን ማስፋት ምንም አይጎዳም። ማጥበብ ግን ይጎዳል። ለምሳሌ ልደታ ያለው የሕንፃ ፕሮጀክት «የ2ኛ ወለል ስላብ» የሚለውን ቨርዥን በትሪ አጋርቷል፣ የኤሌክትሪክ ሥራው ፕሮጀክትም 14 ኢሹዎች አስሮበታል እንበል። ሼሪንጉ ወደ «ኖት ሼርድ» ተለውጦ «ሴቭ» ሲባል ሬድማይን በእነዚያ 14 ኢሹዎች ላይ «ታርጌት ቨርዥን» የሚለውን ባዶ ያደርገዋል። አያስጠነቅቅም፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎም አይጠይቅም። ኢሹዎቹ አይጠፉም፣ ከሮድማፑ (ከምዕራፎቹ ገጽ) ላይ ግን ይወርዳሉ፤ ምዕራፉም ከቀሩት ኢሹዎች ብቻ ስለሚሰላ የአፈጻጸም መቶኛው በአንድ ቅጽበት ይለወጣል። ለውጡ በእያንዳንዱ ኢሹ «ሂስትሪ» ላይ ሼሪንጉን በለወጠው ሰው ስም ይመዘገባል። ይህ መልሶ ለመፈለግ ይረዳል፤ «ማን ነካብኝ» የሚል ጭቅጭቅም ያመጣል። ቨርዥኑን መልሶ ማጋራት 14ቱን ወደ ቦታቸው አይመልስም፤ በእጅ ነው የሚታሰሩት።

አንድን ፕሮጀክት ከአንድ እናት ወደ ሌላ እናት ማዘዋወርም ያንኑ ያደርጋል። ሼሪንጉን ማንም አልነካም፣ ቨርዥኖቹ ግን ተፈተዋል፤ ምክንያቱ የዛፉ ቅርጽ መለወጡ ነው። ስለዚህ «ሰብፕሮጀክት ኦቭ» የሚለውን ሳጥን ሴቲንግ እንጂ ማህደር ማደራጃ አድርጋችሁ አትዩት።

ከማጥበባችሁ በፊት ማን እንደሚነካ የምታዩበት ቀላሉ መንገድ ይኸውና። «ሮድማፕ» ላይ የቨርዥኑን ስም ተጫኑ። በሚከፈተው ገጽ ከሌላ ፕሮጀክት የመጡት ኢሹዎች ከፊታቸው የፕሮጀክታቸው ስም ተጽፎባቸው ይታያሉ፤ ስም የሌለባቸው የራሱ ናቸው። ከዚያ ስማቸው በታየው ፕሮጀክቶች እየገባችሁ የኢሹ ዝርዝሩን በ«ታርጌት ቨርዥን» አጣሩና ከገጹ ግርጌ «ሲኤስቪ» (ዝርዝሩን በሠንጠረዥ ፋይል የሚያወጣውን) ተጫኑ። ልብ በሉ፦ ገጻችሁ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በሚመጣው ሳጥን ላይ «ኢንኮዲንግ» (የፊደላት ኮድ) የሚለው አይኤስኦ-8859-1 ሆኖ ይጠብቃችኋል። በዚያ ካወጣችሁት አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። በጥያቄ ምልክት የተሞላ ፋይል በእጃችሁ ካለ አትደንግጡ፤ የተበላሸው ፋይሉ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ደህና ነው፣ እንደገና አውጡት።

ምዕራፉ ሊያልቅ ከተቃረበ ደግሞ የእኛ ምክር ሼሪንጉን ጨርሶ አለመንካት ነው። የቨርዥኑን ስታተስ «ሎክድ» አድርጉት። የታሰሩት እንደታሰሩ ይቆያሉ፣ አዲስ ኢሹ ግን ማንም ሊያስርበት አይችልም። የመገደቡ ዓላማ ይህ ከሆነ በቂ ነው።

ዎርክፍሎውን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ይደርሰናል፦ «ለዚህ ፕሮጀክት ብቻ የማጽደቂያ ደረጃ ጨምሩልን» የሚል። ሬድማይን ዎርክፍሎውን የሚያውቀው በሮልና በትራከር ነው፣ በፕሮጀክት አያውቀውም። በ«ሾፕ ድሮዊንግ» ትራከር ላይ አንድ ደረጃ ብንጨምር ትራከሩን የሚጠቀም ፕሮጀክት ሁሉ ይጨመርበታል። መለየት የሚቻለው ሌላ ትራከር በመክፈት ነው። አዲሱን ስትከፍቱ «ኮፒ ዎርክፍሎው ፍሮም» ላይ አሮጌውን ምረጡ፣ ባዶውን ከመሙላት ያድናችኋል። ቀጥላችሁ ወደ ከስተም ፊልዶቹ ሂዱና አዲሱን ትራከር በእያንዳንዱ ላይ ቲክ አድርጉ። ከዚያ በፕሮጀክቱ «ሴቲንግስ» ውስጥ ክፈቱት፣ በመጨረሻም ነባሮቹን ኢሹዎች በጅምላ መርጣችሁ በቀኝ ክሊክ ወደ አዲሱ አዛውሩ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ፊልዶቹን ቲክ ሳታደርጉ ኢሹዎቹን ካዛወራችሁ በፊልዶቹ ውስጥ የነበረው ጽሑፍና ቁጥር ይጠፋል፣ በራሱም አይመለስም።

ፊልድን ከአንድ ፕሮጀክት ላይ ማንሳትም በጥንቃቄ ይሁን። ቲኩ ሲነሳ ፊልዱ ከኢሹው ገጽ ይሰወራል። መጀመሪያ ሲኤስቪ አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ «ዲሊት» ግን በጭራሽ አትበሉ፣ እሱ በሁሉም ፕሮጀክት ያለውን ይዞ ይሄዳል።

የማይገደቡም አሉ። ስታተስ፣ ፕራዮሪቲና ሮል የሲስተሙ ናቸው፤ ለአንድ ሳይት ብላችሁ «ክሎዝድ» የሚለውን ስም ብትለውጡ ለሁሉም ይለወጣል። የሰዓት መመዝገቢያ «አክቲቪቲዎች» ግን በየፕሮጀክቱ ሊዘጉና ሊከፈቱ ይችላሉ።

ከቅዳሜ በኋላ ነገሩ ተመልሶ እንዳይከፈት ደግሞ ማን ሊያጋራ እንደሚችል መወሰን አለበት። ለአንድ ሰው ሃይራርኪ ወይም ትሪ የሚሉት ምርጫዎች የሚታዩት በላይኛው እናት ፕሮጀክት ላይ «ማኔጅ ቨርዥንስ» የሚል ፈቃድ ካለው ብቻ ነው። ስለዚህ እናት ፕሮጀክቱን ጥላ ብቻ አድርጉት፤ አንድ ወይም ሁለት ኃላፊ ይኑረው፣ መሐንዲሶቹ በየሳይታቸው ፕሮጀክት ይመዝገቡ። በየልጁ ላይ ያለውን «ኢንሄሪት ሜምበርስ» ስታነሱ በውርስ የገቡት አባላት ወዲያው ይወጣሉ፤ ሳይት ላይ ያለ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ጠዋት ሊገባ ሲል እንዳይከለከል፣ ቲኩን ከማንሳታችሁ በፊት ሰዎቹን በቀጥታ መዝግቧቸው።

እስከ ኅዳር 3 ረቡዕ የምትልኩልን አንድ ገጽ ነው። የፕሮጀክቶቻችሁን ስም ጻፉ፤ በእያንዳንዱ ፊት የማንን ቨርዥን፣ የትኞቹን ከስተም ፊልዶችና ትራከሮች መጠቀም እንዳለበት አስፍሩ። ያልተጻፈ ይዘጋል። ዝርዝር ካልደረሰን ግን ቨርዥኖቻችሁን አንነካም፤ ከላይ በተጻፈው ምክንያት በግምት ማጥበብ አንፈልግም። የምንዘጋው «ፎር ኦል ፕሮጀክትስ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ፊልዱም አሁን ተሞልቶ ባገኘነው ፕሮጀክት ሁሉ ይቀራል። 0 ብቻ የተሞላበትን እንደ ባዶ እንቆጥረዋለን፣ ይህ የማይስማማችሁ ካላችሁ ጻፉልን።

ቅዳሜ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት የዳታቤዙንና የአባሪ ፋይሎቹን ባካፕ እንወስዳለን። ሰርቨራቸው በራሳቸው ቢሮ ያለ ደንበኞች መብራት ቢጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ እንዳላቸው አርብ ማታ ያረጋግጡልን፤ በ8፡00 ሰዓት ቁልፍ የሚከፍት ሰውም በቦታው ይኑር። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ማንም ኢሹ አይክፈት፤ ሳይት ላይ ያላችሁ በወረቀት ይዛችሁ ከ10፡00 በኋላ አስገቡ።

ከሰላምታ ጋር
የሬድማይን ድጋፍ ክፍል