የሬዲዮ ክበብ ለጎጃም ልጆችም ይከፈት

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

የቴክኖሎጂ ገፃችሁን ሁሌ አነበዋለሁ፣ በርቱ። ግን የልጆች ነገር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ኮዲንግና ሞባይል አፕ ብቻ ሆነ፣ ስለ አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ለፍላጎት ብሎ በሬዲዮ ከሌላ ሰው ጋር ስለመገናኘት፣ አንድ ሰው እንኳን ያነሳል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም፣ ስለዚህ እኔው ልፃፍ ብያለሁ፣ ምክንያቱም እኔን ኢንጂነር ያደረገኝ እሱ ነው።

ያደኩት ቢቡኝ ነው፣ ቾቄ ስር። አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅ ሊሰማ ሬዲዮኑን ሲከፍት እኔን የሚከነክነኝ ዜናው አልነበረም፣ ቀን ጭር ብሎ የዋለው አጭር ሞገድ ሲመሽ በማላውቀው ቋንቋ ሁሉ ለምን ይሞላል የሚለው ነው እንጂ። መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው፦ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ንብርብር ቀን በፀሐይ ጉልበት ድግግሞሹ ዝቅ ያለውን ሞገድ ይውጠዋል፣ ማታ እሱ ሲከስም ሞገዱ ወደ ላይ ያልፍና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለው ሌላ ንብርብር ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። ኤፍኤም እንዲህ አይነጥርም፣ ከ4000 ሜትር በላይ ያለው ቾቄ ከጋረደው በቃ ከጀርባ ላለው ሰው አይደርስም። እንግዲህ ይሄ ጥያቄ የያዘው ልጅ ፊዚክስ ግድ ይለዋል።

ከተበላሹ ሬዲዮኖች ትራንዚስተር እየነቀልኩ በስታኞ ስበይድ አደኩ። ማይክ የያዝኩት ግን አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ገብቼ ኢቲ 3 ኤኤ የሚባለውን የክበብ ጣቢያ ሳገኝ ነው። 7 ሜጋኸርዝ በሚባለው አጭር ሞገድ ለማውራት 20 ሜትር ገደማ ሽቦ መሃሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ አንቴና ሆኖ ይዘረጋል፣ ከዛ ጫፍ ጫፉን በትንሽ በትንሹ እየቆረጥክ ወደ ማሰራጫው የሚመለሰውን ኃይል ትቀንሳለህ፣ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም አንቴናው ለሚገባበት ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ምን እንደሆነ በእጄ የገባኝ እዛ ነው። በኋላ ቴሌኮም ስሰራ ክረምት ላይ አንድ የሬዲዮ መስመር እየተቆራረጠ ሁሉም ዕቃው ይቀየር ሲል እኔ መጀመሪያ ኮኔክተሩ (የገመዱ ማያያዣ) ይፈታ አልኩ፣ ተፈታ፣ ውሃ ገብቶበታል። ይሄን ያስተማረኝ ቤቴ ጣሪያ ላይ ያለችው አንቴና ናት።

ወላጆች እንደሚፈሩት አውቃለሁ፣ መገናኛ ሬዲዮ ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ ይሄም እውነት ነው ያለንበት ጊዜ ቀላል አይደለም። ግን አማተር ሬዲዮ የተደበቀ ነገር የለውም፣ ለማስተላለፍ የመንግስት ፈቃድና የጥሪ ምልክት፣ ማለትም አንተ ማን እንደሆንክ የሚያሳውቅ የፊደልና የቁጥር ስም፣ ያስፈልጋል፣ የኛ አገር ምልክት ኢቲ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ንግድ አይሰራበትም፣ በሚስጥር ኮድ ማውራትም ክልክል ነው፣ ማንም ከፍቶ ሊሰማህ ይችላል። ለጀማሪ ደግሞ ማዳመጥና መቀበያ መስራት ለጥቂት ዓመት ይበቃዋል።

ሌላው ቦታችን ነው። የመግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢስ ኃይል አግድም የሚተኛበት መስመር፣ በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሲግናሉ የሚርገበገበው በዚህ የተነሳ ነው፣ ተመራማሪ ከሩቅ መጥቶ የሚያጠናውን ነገር የደጀንና የቡሬ ተማሪ በአንድ ሬዲዮና ደብተር ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ከተከፈተበት ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ ስንት ኢንጂነር የወጣበት ከተማ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው አንድ የክበብ ጣቢያ ቢያቆም፣ የዞኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የማዳመጫ ክበብ ቢጀምሩ የጎጃም ልጅ እንደኔ አዲስ አበባ እስኪገባ አይጠብቅም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ላስተምር ዝግጁ ነኝ፣ ሬዚስተሩም ካፓሲተሩም ሽቦውም ቤቴ ሞልቷል። አድራሻዬ ዝግጅት ክፍላችሁ ጋር አለ፣ የሚጠይቅ የፊዚክስ መምህር ከመጣ ስጡልኝ።