የቢቸና ገበሬም ስልክ አለው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስዊዘርላንዱ ኩባንያ አይዲ ኳንቲክና ስለ ኳንተም ኢንክሪፕሽን (መረጃን ሰላይ እንዳያነበው በምስጢር ቁልፍ ስለመቆለፍ) የጻፋችሁትን አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2007 የጄኔቫ ምርጫ ውጤት በነሱ መሣሪያ ተጠብቆ መተላለፉን መጻፋችሁ ጥሩ ነው። ግን «የትልልቅ ባንኮች ጉዳይ ነው፣ የክልልና የገጠር ተጠቃሚን ገና አይመለከትም» ያላችኋት መስመር ስታናድደኝ አደረች።

ምነው ሸዋ! ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ ለውሳችሁ እኮ ነው። አንደኛው ድርጅቱ የሚሸጠው መሣሪያ ነው፣ የምስጢር ቁልፉን በብርሃን ቅንጣት አድርጎ በፋይበር ይልካል፣ መሀል ገብቶ የሚሰልል ካለ ቅንጣቱ ስለሚረበሽ ይታወቅበታል። ይሄ ውድ ነው፣ ብርሃኑም መንገድ ላይ እየደከመ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይቸገራል፣ ከአዲስ አበባ ማርቆስ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ መሀል ላይ ጣቢያ ይፈልጋል። ስለዚህኛው ከሆነ ያወራችሁት እውነታችሁን ነው፣ ለኛ ሩቅ ነው።

ሁለተኛው ግን በሒሳብ ቀመር የሚሠራ መቆለፊያ ነው። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ሦስት የመረጃ ጥበቃ ስታንዳርድ አውጥቷል፣ የዛሬውን ቁልፍ ወደፊት ይሰብራል ተብሎ የሚፈራው ኳንተም ኮምፒውተር እንዳይፈታቸው ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ ልዩ ዕቃ አይፈልጉም፣ በአፕዴት ተራ ስልክ ላይ ይገባሉ። የመልእክት መላኪያው አፕ ሲግናል ተመሳሳዩን እ.ኤ.አ. 2023 ላይ ጀምሮታል። ታዲያ ቢቸና ገበያ ጤፉን ሸጦ ብሩን በስልኩ የሚቀበል ገበሬ ከቦሌው ሰውዬ በምን ተለይቶ ነው የማይመለከተው? ሌባው እኮ ዛሬውኑ መፍታት የለበትም፣ የተመሰጠረውን ቀድቶ ያስቀምጥና ኳንተም ኮምፒውተሩ ሲደርስለት ይፈታዋል። የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ ለፋይዳ የሰጠነው አሻራ ግን ዕድሜ ልካችንን ያው ነው፣ የገጠሩም የከተማውም።

እኔ እዚህ ማርቆስ ስልክ እየጠገንኩ ነው የምኖረው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደንበኞቼ ብራቸው ስልካቸው ውስጥ እያለ ባንክ በር ላይ ተሰልፈው ይውሉ ነበር፣ ያኔም እንዴት ናችሁ ብሎ የደወለልን ጋዜጠኛ አላየሁም። አሁን ደግሞ ቴክኖሎጂ ሲወራ አይመለከታችሁም ትሉናላችሁ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ሞልቷል፣ አንዱን ደውላችሁ ብትጠይቁ ምን ነበረበት?

ያቺን መስመር አርሙ፣ ሁለቱን ለዩ። ከዛ ባንኮቹን የሞባይል አፓቸውን ወደ አዲሱ ኢንክሪፕሽን መቼ እንደሚያሻግሩት ጠይቁና መልሳቸውን አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ