ስልኩን ያላነሳሁልሽ ለምን እንደሆነ

ውድ አብሮ አደጌ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው?

በፋሲካ ሦስት ጊዜ ደወልሽ። ስምሽ ስልኬ ላይ ሲበራ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ አላነሳሁም። ለእንቁጣጣሽም እንዲሁ። ብትቀየሚኝ እውነትሽን ነው። ግን ረስቼሽ አይደለም። ድምፅሽን ከሰማሁ ማልቀሴ አይቀርም፣ ካለቀስኩ ደግሞ መናገሬ አይቀርም። መናገሩን ፈራሁ።

ነገሩ የልጄ ነው። ያ አንቺ በጀርባሽ አዝለሽ ሾላ ገበያ የምትወርጂበት ልጅ። ዛሬ 17 ዓመቱ ነው፣ ከእኔ በሁለት ጭንቅላት ይበልጣል። ሱስ ውስጥ ገባብኝ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ላጥብ ጃኬቱን ስፈትሽ በላስቲክ የተቋጠሩ አራት ሰማያዊ ክኒኖች አገኘሁ። ባንድ በኩል ኤም፣ በሌላው 30 ይላሉ። ስጠይቀው «ለጥርሴ ነው» አለኝ። አመንኩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በእጄ፣ እህቴ! የሐኪም መድኃኒት አስመስለው የሚሠሩት የሐሰት ክኒን መሆኑን፣ ውስጡም ፈንታኒል የሚሉት እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ እንዳለበት ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁለት ሚሊግራም፣ ጥቂት የጨው ቅንጣቶች የምታህል፣ ሰው ልትገድል ትችላለች። ይኼ ሐሳብ እስካሁን ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአሜሪካ ፖሊስ ከጓደኞቹ ጋር መኪና ውስጥ ያዘው። ዳኛዋ አላሰረችውም፣ ፕሮቤሽን ላይ አደረገችው። ቤቱ ሆኖ፣ ትምህርቱን እየተማረ፣ በአንድ ኦፊሰር ክትትል ሥር ማለት ነው። ከማታው ሁለት ሰዓት በኋላ መውጣት የለም። ሽንቱ ይመረመራል። ሕክምና መከታተልም ግዴታው ነው።

ሕክምና ይከታተል ማለት ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ሰጡን፣ ሦስት ስልክ ቁጥር ያለበት። አንዱ አዋቂ እንጂ ልጅ አይቀበልም። ሁለተኛው ወረፋ ነው አለኝ። ሦስተኛው ላይ መልእክት ተውኩ፣ የሚመልስ ጠፋ። ያቺ ወረቀት ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፋ አምስት ሳምንት ቆየች። ሁለት ሥራ እየሠራሁ፣ ሌሊት አሮጊት እየጠበቅሁ፣ ጠዋት በእረፍቴ ሰዓት እየደወልኩ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ልጄ» ስል ስልኩ ሙዚቃ ይዘፍንልኛል። በፋይሉ ላይ ግን «ወደ ሕክምና ተልኳል» ተብሎ ተጽፏል።

ከሁሉ የባሰውን ልንገርሽ። በዚያ የመጀመሪያ ስብሰባ አስተርጓሚ አልነበረም። የተረጎመልኝ ራሱ ልጄ ነው። ኦፊሰሩ ረዥም ነገር ተናገረ፣ ልጄ መሬት መሬት እያየ «ጠባይህን ካሳመርክ ቶሎ ያልቃል አለኝ» አለ። እኔም ተነስቼ አመሰገንኩ። በወሩ እውነተኛ አስተርጓሚ ሲመጣ ነው ኦፊሰሩ ያኔ ያለውን የሰማሁት። የሽንቱ ውጤት ፈንታኒል አሳይቷል፣ ልጅሽ ሊሞትብሽ ይችላል ነበር ያለው። አንጀቴ ተላወሰ። በልጁ አልፈርድም። የትኛው ልጅ ነው ለእናቱ እንዲህ ያለውን ነገር ተርጉሞ የሚነግራት?

አስተርጓሚ መጠየቅ መብት መሆኑን አላውቅም ነበር። የፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሁሉ ቋንቋውን የማይችለውን ሰው እንዲያስተናግድ በፈረንጅ 1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ያስገድዳል ተብሎ ሲሠራበት ኖሯል። ዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ደግሞ በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፣ አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኔ ግን አስቸገርኩ እንዳልባል አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ነበር።

ሁለተኛው ኦፊሰር ሲተካ ነገሩ ተለወጠ። ወጣት ልጅ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ወረቀቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳየው አየት አደረገና ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠ። ድምፁን ከፈተ። አስተርጓሚዋን በሌላ መስመር አስገባ። አርባ ደቂቃ! ሙዚቃው ሲዘፍን እሱም እኛም ዝም ብለን ጠበቅን። የቀጠሮውን ቀን፣ ሰዓትና የሚቀበለንን ሰው እስኪነግሩት ድረስ አልዘጋውም። ከዚያ የአውቶቡሱን ቁጥር ጻፈልኝ። አምስት ሳምንት የከበደኝ ነገር በአንድ ከሰዓት አለቀ። ያን ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

የተመደበችልን ባለሙያ ቤት ድረስ ነው የምትመጣው። መልቲሲስተሚክ ቴራፒ ይሉታል። አንዷ ባለሙያ ከአራት እስከ ስድስት ቤተሰብ ብቻ ትይዛለች፣ ሌሊትም ቢሆን ይደወልላታል። ልጁን ለብቻው ሳይሆን ሁላችንንም ነው የምታየው። መጀመሪያ የምንነግራት ሁሉ ዳኛዋ ጆሮ ይገባል ብዬ አፌን ዘጋሁ። በኋላ አስረዳችን፤ የሱስ ሕክምና መዝገብን የሚጠብቅ የፌደራል ሕግ አለ። ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ የፈረምነው መምጣት አለመምጣቱንና መሻሻሉን ብቻ ነው። ይኼን ከሰማሁ ወዲያ ቡና አፍልቼ ጠበቅኋት።

አንድ ቀን «ከልጅሽ ጋር በቀን ስንት ደቂቃ ታወራላችሁ?» አለችኝ። ቆጠርኩ። «በላህ? አጠናህ? ተኛ።» ይኸው ነው። ለእሱ ብዬ እየሠራሁ እሱን ሳላየው ሦስት ዓመት አለፈ። አሁን ሐሙስ ማታ ሥራ አልገባም። አብረን ሽሮ እንሠራለን፣ ሽንኩርቱን እሱ ይከትፋል።

መድኃኒቱ ላይ ግን ቤታችን ተናወጠ። ሐኪሙ ቡፕረኖርፊን አዘዘለት፣ ራሱ ከእነዚያው ወገን የሆነ የሱስ ማከሚያ መድኃኒት ነው፣ ከምላስ ሥር ይቀመጣል፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ ተፈቅዷል። አባቱ «ሱስን በሱስ?» ብሎ ተቆጣ። ጠበል እንውሰደው አለ። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳን። ሰውነቱ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ጉጉቱ እንዲበርድ፣ ልጁ ተኝቶ እንዲያድር ነው እንጂ ለማስከር አይደለም አለን። የነፍስ አባታችንም «ጠበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም አታስቁሙት» አሉት። ያኔ አባቱ ዝም አለ። አሁን ጠዋት ጠዋት «ወሰድክ?» የሚለው እሱ ነው።

በሦስተኛው ወር ወደቀብኝ። ሽንቱ አሳየ። ሊያስሩት ነው ብዬ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ሁሉ አስገብቼ ነበር። ኦፊሰሩ ግን መጀመሪያ ለባለሙያዋ ደወለ። ተነጋገሩና በሳምንት አንድ የነበረውን የሕክምና ቀጠሮ ሦስት አደረጉት። ሻንጣውን ፈታሁት።

ናርካን የሚባለው የአፍንጫ መድኃኒት ማማሰያ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ አለ። ክኒኑ በዝቶበት ትንፋሹ ከጠፋ በአፍንጫው የሚረጭ ነው። በፈረንጅ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ታናሽ እህቱም አጠቃቀሙን ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ማወቅ አልነበረባትም።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ጥግ ይዛ ያቺኑ ወረቀት አሳየችኝ። እንደኔው አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ቤቷ ሄድኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን፣ ድምፁን ከፍተን አብረን ጠበቅን። ከእኔ ሌላ ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ይኸው አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።

ፕሮቤሽኑ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀረው። መድኃኒቱ ግን ይቀጥላል። ትናንት የድሮ ፎቶ ሲያገላብጥ አንቺን አየና «ይቺ ያቺ በሶ የምትበጠብጥልኝ ናት?» አለኝ።

እሁድ ደውዪልኝ። አነሳለሁ።

ያንቺው